ስምንት እግዚኦ ሲቀረኝ

ሻለቃው ማረፋቸውን የሰማሁት ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሬስቶራንቶች የተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ ከሻምበል ደምሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ሻምበል ደምሴ ድሮ የጦር መኮንን የነበሩ፣ አሁን ከሬስቶራንቶቹ ጀርባ ያለውን ፓርኪንግ የሚጠብቁ፣ ሰባ ያለፋቸው ሰው ናቸው። መኪናዬን መውጫው ላይ ፓርክ አድርጌ «አንሺ!» «አላነሳም፣ ለአምስት ደቂቃ ነው!» ስንባባል ስልኬ ጮኸ። ሚስ ካትሪን ናት፣ የሻለቃው ልጅ።

«አስቴር፣ አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። ድምጿ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው።

እኔ ግን እዚያው መንገድ ላይ «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሻምበል ደምሴ ማን ሞተ ብለው አልጠየቁኝም፣ ብድግ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። የቀረው ሰው የምወዳቸው አሠሪዬ ሞተውብኝ ያለቀስኩ ነው የመሰለው። እወዳቸው ነበር፣ እሱ ሐሰት አይደለም። ያስጮኸኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ «ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ» ስል ከርሜ ነገ የሚባለው ቀን አለቀብኝ።

አሥራ አንድ ዓመት በኬርጊቨርነት ሠርቻለሁ። የፈረንጅ ሽማግሌ አጥቤያለሁ፣ አጉርሻለሁ፣ አስተኝቻለሁ። የሚናከስ ገጥሞኛል፣ የሚሰድብ ገጥሞኛል፣ እንደ እናቱ አቅፎኝ የሚያለቅስም ገጥሞኛል። እንደ ሻለቃው ያለ ግን አልገጠመኝም፣ ወደፊትም አይገጥመኝም።

በስልክ የሚጠራ መኪና መጥቶ ታክሲ ነጂዎቻችንን ባስለቀሰበት ዓመት ነው የቀጠረኝ ኤጀንሲ ወደ እሳቸው የላከኝ። «እንግሊዛዊ ናቸው፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ሦስት ኬርጊቨር አባረዋል» አሉኝ። «እንግዲያው አራተኛዋ ልሁና» ብዬ ሄድኩ። ቤታቸው ፒኮ ሮበርትሰን የሚባል ሰፈር ነው፣ ሁለት ክፍል አፓርትመንት፣ ምድር ቤት። ልጃቸው ፓሳዴና ትልቅ ቤት አላት፤ እሳቸው ግን «ልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ አልሞትም» ብለው እምቢ አሉ። እሷም በየእሑዱ እየመጣች ታያቸዋለች።

ስገባ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ጫማቸው እንደ መስታወት እያበራ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰው የሚጠብቁ መስሎኝ «እንግዳ አለብዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«አለብኝ» አሉ። «እርስዎ ነዎት።»

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እሳቸው ግን በድምፃቸው አንቱ ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሚስ አስቴር፣ እባክዎ»፣ «ሚስ አስቴር፣ ካላስቸገርኩዎ» እንጂ አንድ ቀን በጣት ጠቁመው አዘውኝ አያውቁም። ስለዚህ የተናገሩትን በአማርኛ ስናገር አንቱታውን አላስቀርባቸውም።

ሦስቱ ሴቶች ለምን እንደተባረሩ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው። «መድኃኒቴን በስንት ሰዓት ሰጡኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ዐሥር ደቂቃ አሳልፌ ነበር። «አሳልፌአለሁ፣ ስልክ ላይ ሐሜት ይዤ ነው» አልኳቸው። ሳቁ! ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለካ ሦስቱም የተባረሩት ያልሠሩትን ሠራን ብለው ነው። አንዷ ያልቀየረችውን አንሶላ ቀይሬአለሁ ስላለች ብቻ በዚያው ቀን አሰናብተዋታል። «መርሳት የሰው ነው። የረሱትን መሸፈን ግን ሁለተኛ ሥራ ነው፣ ለሱ አልቀጠርኳትም» ይሉ ነበር።

ግድግዳቸው ላይ አንድ ፎቶ አለ። ነጭ በነጭ የለበሱ ዐሥራ አንድ ወጣቶች ተደርድረዋል። ከሥሩ የተሰነጠቀ ጣውላ፣ ከጎኑ ያረጀች ኮፍያ ተሰቅላለች። ሻለቃው ወጣት ሳሉ ስሙን ዓለም በሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ ክሪኬት ይጫወቱ ነበር። ክሪኬት ምን እንደሆነ አላውቅም ስላቸው በቀጥታ ወደ ኩሽና ላኩኝ። ማማሰያና ሎሚ ይዤ መጣሁ። እሳቸው ዊልቼር ላይ ሆነው ማማሰያውን ጨበጡ፣ እኔ ከበሩ ሎሚ ወረወርኩ። መጀመሪያ የመታሁት መብራቱን ነው።

«ይሄማ የኛ የገና ጨዋታ ነው!» አልኳቸው። በገና ዕለት ወንዶች ሜዳ ወጥተው ሩሯን በቆልማማ ዱላ ሲለጓት፣ አሽከሩ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ እንኳ እንደማይቀየሙት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንደሚባል ነገርኳቸው። አስደገሙኝ። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው በፈረንጅ ፊደል ጻፉት። ከዚያ ወዲያ ሾርባ ባፈስስባቸውም፣ እግራቸውን ብረግጣቸውም ያቺን ነገር በተሰበረ አማርኛ ይሏታል፦ «በገና ጨዋታ አይኮጡም ጌታ።» ሳቄን መያዝ አቅቶኝ እሸሽ ነበር።

የጨዋታውን ሕግ አንድ ከሰዓት በኋላ አስረዱኝ። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በጣውላው ይመታል። ኳሷ ጣውላውን ጫር አድርጋ ከኋላ የቆመው ጓንት ለባሽ ከቀለባት መቺው አለቀለት፣ ይወጣል።

«ዳኛው ካላየስ?» አልኳቸው።

«መቺው ያውቃል። እጁ ይነግረዋል። በኛ ጊዜ ጨዋ ሰው ዳኛውን አይጠብቅም፣ ጣውላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ጓንቱን እያወለቀ፣ ወደ ኋላ ሳያይ ይወጣል።»

«ማንም ሳያየው?»

«በተለይ ማንም ሳያየው።»

«እኛ ሰፈር ቢሆን ዳኛውን ነው የምንደበድበው» አልኩ። አልሳቁም። ፎቶውን ሲያዩ ቆዩና፣ በዚያ ዓመት ከሌላው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ጨዋታ መቶ ነጥብ ማስቆጠራቸውን፣ ጋዜጣ ላይ መውጣቱን፣ ወታደር ቤት ሲገቡም አለቆቻቸው «መቶ ያገባው ልጅ» እያሉ እንዳከበሯቸው ነገሩኝ። «ዐሥራ አንድ ነጥብ ላይ ሳለሁ ግን ኳሷን ነክቻት ነበር። ተቀልባለች። ከኔ በቀር የሰማ የለም። ዳኛው አልወጣህም አለ፣ እኔም ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያስቆጠርኩት ሰማንያ ዘጠኝ የኔ አይደለም» አሉ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ጨዋታ እኮ ነው! እኔ በልቤ «ሥራ የፈታ ፈረንጅ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በዊልቼር ፌርፋክስ እወስዳቸው ነበር። ሻምበል ደምሴ መጀመሪያ ያዩዋቸው ቀን ማን እንደሆኑ እንኳ ሳልነግራቸው፣ ያቺን የጥበቃ ሥራ ብርቱካንማ ሰደርያቸውን ለብሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሻለቃውም ዊልቼር ላይ ደረታቸውን ነፍተው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። ሁለት ሽማግሌዎች በመኪና መሐል ሰላምታ ሲሰጣጡ አይቼ እምባዬ መጣ። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰው ፓርክ አደራረግ ሲተቹ ያመሻሉ። ሻምበል አንድ ቀን በአማርኛ «አስቴር፣ ይሄ ሰው የተሸከመው ነገር አለ» አሉኝ። «ምን?» ስላቸው «ወታደር ወታደርን ያውቃል፣ ዝም ብለሽ ግፊ» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ዊልቼሩን ሳዞር የእጀታው ጫፍ የማር ጠርሙስ ጠልፎ ጣለ። ጠርሙሱ ተከሰከሰ። አንዲት እናት ትንሽ ልጇ ያደረገችው መስሏት ልጅቷን በጥፊ ልትል እጇን ስታነሣ፣ ሻለቃው እጃቸውን ከፍ አድርገው «እኔ ነኝ!» ብለው ጮሁ በእንግሊዝኛ። የገፋሁት እኔ፣ ያዞርኩት እኔ! «ምነው፣ ጥፋቱ የኔ አይደል?» ስላቸው «ወንበሩ የኔ ነው» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ በአማርኛ እንዴት እንደሚባል ጠየቁኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። ያንንም ጻፉት። የፌርፋክስ ሰው ከዚያ ወዲያ ስማቸውን ትቶ «እኔ ነኝ መጡ» ይል ጀመር።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ስቅለት ነበር። ኤጀንሲው ዕረፍት ከለከለኝ፣ የሚተካኝ ሰው የለም አሉ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ከሰዓት በኋላ ሻለቃው የሚተኙበት ሰዓት ስለሆነ ሳሎኑ ውስጥ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ስልኬ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ጸሎት ከፍቼ ስሰግድ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ገብቼ አገላበጥኳቸው፣ ጀርባቸውን አሸሁላቸው። ለዚያ ብዬ የአልጋውን ሬይል፣ ሰው እንዳይወድቅ ከጎን የሚቆመውን ብረት፣ ዝቅ አደረግሁት። ዘጠኝ ሰዓት ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። ስልኩ ላይ ቄሱ እግዚኦታውን ሲጀምሩ ሰማሁ። ሮጥኩ። ሬይሉን ሳላነሣው ሮጥኩ።

አርባ አንድ ጊዜ ነው የሚባለው፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ አቤቱ ክርስቶስ ማረን። መቁጠሪያዬን ይዤ፣ ጮክ ብዬ፣ እየሰገድኩ እቆጥራለሁ። ሠላሳ ሦስት ላይ «ሚስ አስቴር» የሚል ሰማሁ።

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ይቀለኝ ነበር። ስምንት ነው የቀረኝ፣ ካቋረጥኩ እንደገና ከአንድ ልጀምር ነው፣ ጉልበቴ አልቋል አልኩ በልቤ። ቀጠልኩ። ሠላሳ ስድስት ላይ ደግሞ «ሚስ አስቴር» አሉ፣ ቀስ ብለው። ሻለቃው ሰው ሦስት ጊዜ አይጠሩም። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ወደቁ። የወደቁበትን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም።

ዳሌያቸው ተሰበረ። መሬት ላይ ሆነው እንኳ ያሉኝ «ይቅርታ፣ አስደነገጥኩዎ» ነው።

ሆስፒታል የኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር ፎርም ይዛ መጣች። አልጋው አጠገብ ቆማ «ሬይሉን ማን ዝቅ አደረገው? ሲጠሩስ ሰው አልነበረም?» ብላ ጠየቀች። የእኔን ነገር ልንገራችሁ። ልጄ ሕይወት አዲስ አበባ ሆና ቪዛዋን ትጠብቅ ነበር፣ ስፖንሰሯ እኔ ነኝ። ካቀፍኳት ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሰርቲፊኬቴ ከተነጠቀ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ስፖንሰር የለም፣ ሕይወትም የለችም። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እግዜር ይወቀው።

«እኔ ነኝ» አሉ ሻለቃው። «ሬይሉን እኔ ነኝ ዝቅ ያደረግሁት። ሚስ አስቴር ቆይ ብለውኛል፣ ትእዛዝ የጣስኩት እኔ ነኝ።»

ያልቀየረችውን አንሶላ ቀየርኩ ያለችውን ሴት ያባረሩት ሰው! ሱፐርቫይዘሯ ጻፈች። እኔ መስኮቱን አየሁ። ወረቀቱን ስትሰጠኝ ፈረምኩበት።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሰው ወደሚያገግምበት ቤት፣ ሪሃብ ወደሚሉት ወሰዷቸው። አላገገሙም። ቤቱ በሽንትና በመድኃኒት ይሸታል፣ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ክራባት የሚያስርላቸውም የለም። ሚስ ካትሪን ስለጠየቀች ኤጀንሲው እዚያም ላከኝ። ስገባ ሁልጊዜ «ሚስ አስቴር፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይሉኛል። «ምንም» እላቸዋለሁ። የሻምበልን ጭቅጭቅ እነግራቸዋለሁ፣ አዲስ የተከፈተውን ሬስቶራንት አማለሁ፣ እሳቸውም አይናቸውን ከፊቴ ሳያነሡ ይሰማሉ። ስጨርስ «ሌላስ?» ይላሉ። «ሌላ የለም።» አንድ ቀን ወተት ሳጠጣቸው ደረታቸው ላይ ደፋሁት። «በገና ጨዋታ አይኮጡም ጌታ» አሉኝና ጠበቁኝ። እኔ እንደ ዱሮው ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

በሰኔ መጀመሪያ አካባቢ፣ ትንፋሻቸው ማጠር ሲጀምር፣ ሳልጠይቃቸው ያወሩኝ ጀመር።

«ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ሩቅ ምሥራቅ፣ ጫካ ውስጥ። ካርታ የማነበው እኔ ነኝ። በሁለት አቅጣጫ ሁለት ቡድን ላክሁ። የሚሄዱበትን ቦታ የካርታ ቁጥር ለአሥር አለቃዬ ሰጠሁት፣ በሬዲዮ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ‹ጌታዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?› አለኝ። ተቆጣሁት። ሁለቱ ቡድኖች በጨለማ ተገናኝተው ተታኮሱ። ሁለት ልጆች ሞቱ። አንደኛው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ካርታውን እንደገና ሳየው ስሕተቱ የኔ ነው።»

ውሃ አጠጣኋቸው።

«መርማሪዎች መጡ። አሥር አለቃው ቁጥሩን አሳስቶ ይሆናል አሉ። እሱን ጠየቁት። አንድ ጊዜ አየኝ፣ እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ‹ሊሆን ይችላል› አላቸው። ማዕርጉን ገፈው አባረሩት። እኔን እያሳደጉ ሻለቃ አደረጉኝ። ዳኛው አልወጣህም አለ፣ ቆምኩ።»

«በኋላስ አልነገሩትም?» አልኩ።

«ከሃያ ዓመት በኋላ ቤቱን አፈላልጌ ሄድኩ። ሚስቱ ከፈተችልኝ። ‹ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ስለ እርስዎ ግን ሁልጊዜ መልካም ነበር የሚያወራው› አለችኝ። ሻይ አፈላችልኝ፣ ኬክ ቆረሰችልኝ። ሁለተኛ ቁራሽ ስትሰጠኝም ተቀበልኩ። አመስግኛት ወጣሁ። ምንም አልነገርኳትም፣ ሚስ አስቴር። ኬኩን በልቼ ወጣሁ።» ከዚያ እጄን ያዙ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። «ሰውን ገፍቶ ማስወጣት አይቻልም። ራሱ ነው መውጣት ያለበት። መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው፣ ከመሐል እስከ ዳር።»

ገባኝ። እንዴት አይገባኝም? ደነዝ አይደለሁም! ግን ያልገባኝ መስዬ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። «ይረፉ፣ ብዙ አወሩ» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ «ሌላስ?» ብለው አልጠየቁኝም። ሰኔ ሳያልቅ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ሞቱ።

የንስሐ አባቴ ሁለት መቶ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ አበጠ እንጂ ሌላ የመጣ ነገር የለም። መጨረሻ ላይ ለሻምበል ደምሴ ነገርኳቸው፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሜ፣ ሁሉንም። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።

«ሬሳ ይቅር አይልም» አሉኝ። «የሻለቃው ልጅ ግን በሕይወት አለች። ሂጂ።»

«ሕይወትስ? ልጄስ?» አልኳቸው።

«እሱን አላውቅም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ተናደድኩባቸው። ለሳምንት አላናገርኳቸውም።

ሚስ ካትሪን አባቷን አቃጠለቻቸው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሰው ተቃጥሎ አመድ ሆኖ በቆርቆሮ! «ኑዛዜው ነው» አለችኝ። ሕንዶችና ስሪላንካዎች ክሪኬት የሚጫወቱበት ሜዳ አለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እዚያ መበተን ፈልገዋል። የሄድነው አምስት ሰዎች ነን፤ ካትሪን፣ ባሏ፣ ሁለት ጎረቤት፣ እኔ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሣሩ ደርቋል። ካትሪን ብቻዋን ወደ መሐሉ ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ አመዱን በተነችና እዚያው ቆመች። እኛ ዳር ላይ ዛፍ ሥር ነን።

ያኔ ተነሣሁ። ልሄድ ነው ብዬ የነገርኩት ሰው የለም፣ ያሰብኩትም ነገር የለም። እግሬ ሄደ። ሜዳው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የገባኝ መሐሉ ላይ ስደርስ ነው። የሐዘን ጫማዬ አፈር ውስጥ እየሰጠመ፣ ነጠላዬ እየወደቀ ሄድኩ። «ምነው አስቴር?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። በአማርኛ ነው የወጣልኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሬይሉን፣ ሁለቱን ጥሪ፣ ስምንቱን እግዚኦ።

ካትሪን አልጮኸችም። እጇ ላይ የቀረውን አመድ በቀሚሷ ጠረገችው።

«አውቃለሁ» አለች። «በወደቀ ማግሥት ነው የነገረኝ። ስትጸልዪ ድምፅሽን ይሰማ ነበር። ‹ጸሎት ላይ ያለን ሰው ሦስት ጊዜ አይጠሩም› ብሎ ነው ራሱ ሊነሣ የሞከረው።»

እዚያው ቁጭ አልኩ።

«በየእሑዱ ይጠይቀኝ ነበር» አለች ከላዬ ቆማ። «‹ነገረችሽ?› ይለኛል። አልነገረችኝም እለዋለሁ። ‹ትነግርሻለች፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ጊዜ ስጫት› ይለኛል። የመጨረሻውም እሑድ ጠየቀኝ፣ መናገር አቅቶት በዓይኑ ነው የጠየቀኝ። ምን ብዬ ልመልስለት ነበር፣ አስቴር? ‹ነገረችኝ› ብዬ ልዋሸው አሰብኩ። አባቴን ዋሽቼው አላውቅም። ስለዚህ አይ አልኩት።»

የማለቅስበት አንጀት አልነበረኝም። «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አስቴር፣ እኔ አባቴ አይደለሁም» አለችኝ። «ለኤጀንሲው እጽፋለሁ።»

«ጻፊ» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኳት።

ጻፈች። ሰርቲፊኬቴ ተነጠቀ። አሁን ፌርፋክስ ሱቅ ውስጥ በርበሬና ሽሮ በላስቲክ እያሸግሁ ነው የምውለው፤ የማሩ ጠርሙስ የተሰበረበት ሱቅ ነው። ሻምበል ደምሴ በምሳ ሰዓት ይመጣሉ፣ የሻለቃውን ነገር አናነሣም። የልጄ የሕይወት የቪዛ ፕሮሰስ ቆሟል፤ ደሞዜ አይበቃም አሉ። ሌላ ስፖንሰር እየፈለግሁ ነው፣ እስካሁን አልተገኘም። በስልክ ለልጄም እውነቱን ነገርኳት። «እማዬ፣ ስምንት ብቻ ነበር የቀረሽ?» አለችኝ። «አዎ፣ ስምንት ብቻ» አልኳት።

አሁን ስቅለት ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ የምጠብቀው ሽማግሌ የለኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግዚኦታው ሲጀመር ከሰው ጋር እሰግዳለሁ፣ እቆጥራለሁ። ሠላሳ ሦስት ላይ ስደርስ ግን አፌን እዘጋለሁ። ሰው ሁሉ ይቀጥላል። አጠገቤ ያለችው ሴት የደከምኩ መስሏት በክርኗ «በርቺ» ትለኛለች። እኔ ጆሮዬን ጥዬ አዳምጣለሁ። የሚጠራኝ ሰው እንደሌለ ሳረጋግጥ ነው የቀሩትን ስምንት የምለው።